የድንቡሼ ጣሪያ

ጋሽ ወስፌን ሕመሙ የያዘው አንድ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ነው። እንደ ቀልድ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ከጊዜ በኋላ አፉ ተፈታለት፣ እግሩንም እየጎተተ መሄድ ጀመረ፤ ግራ እጁ ግን እንቢ አለው። ሐኪሙ "ከእንግዲህ የመኪና መሪ አይጨብጡም" ሲለው፣ "መሪውንስ በአንድ እጅ እይዘዋለሁ፤ ጨርቁን በምን ወጥሬ ልስፋው?" አለ። ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ወስፌ የወጣለት ስም ነው። ሰውነቱ ቀጭን ስለሆነና ወስፌም ከኪሱ ስለማይጠፋ ሰው ሁሉ እንደዚያ እያለ ጠራው፤ ኋላ ኋላ ሚስቱም ጠራችው። አርባ ዓመት ሙሉ ሥራው ወንበር ማልበስ ነበር፤ የመኪና፣ የሲኒማ ቤት፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር። እንዲህ ያለ ወንበር ተነቅሎ ወደ እሱ አይመጣም፤ እሱ ነው ወደ ወንበሩ የሚሄደው። የሚሄደውም በድንቡሼ ነበር።

ድንቡሼ ክብ ክብ መብራት፣ ሰፊ ሆድ ያላት አሮጌ ቫን ናት። ከእሱ እጅ ሳትገባ ዳቦ ታመላልስ ነበር፤ ሲገዛት ውስጧ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ የስፌት መኪናውን በብሎን አሰረባት። በቀን ብርሃን ለመስፋት ጎኗን ቀዶ መስኮት አወጣላት። ሲዘረጋ አልጋ፣ ሲታጠፍ መቀመጫ የሚሆን ሣጥን ሠራባት፤ ሴት ልጃቸው ጥርስ ያወጣችውም ፊደል የቆጠረችውም እዚያ ሣጥን ላይ ሆና ነው። ሚስቱን ደግሞ ዳሌዋን ስለሚያማት፣ የፊተኛውን ወንበር በአንድ ጎኑ ከፍ አድርጎ ሞላላት። "ካገባኸኝ ወዲህ ያደረግህልኝ ደግ ነገር ይኼ ብቻ ነው" እያለች ታበሽቀው ነበር።

ጌጧ ግን ጣሪያዋ ነበር። ከየሥራው የተረፈውን ቁራጭ ጨርቅ እያመጣ፣ አንዱን ካንዱ እየሰፋ፣ ጣሪያዋን ከውስጥ አለበሳት። ከሲኒማ ቤቱ ቀይ ከፋይ፣ ከጥርስ ሐኪሙ አረንጓዴ ፕላስቲክ፣ ከአንድ የሙሽራ መኪና ነጭ ሳቲን። ሃያ ስምንት ዓመት ሲጨምርበት ኖሮ ጣሪያው ላይ መዳፍ የምታህል ባዶ ቦታ አልቀረችም።

አሁን ድንቡሼ ግቢ ቆማለች። አከራያቸው መጥታ፣ "ጋሼ፣ አይቀየሙኝ፤ ግቢው ላይ ሁለት ክፍል ልሠራበት ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ መኪናዋን አንድ ነገር ያድርጓት" አለችው። ወሬው ከየት እንደ ደረሰው እንጃ፣ በማግስቱ ብረት ገዥው ከተፍ አለ። የድንቡሼን ጎን በጡጫ ኳ ኳ አደረገና፣ "አቤት ቆርቆሮ! የድሮ ሰው አይሰስትም ነበር" አለ።

"ምነው፣ ከብት መሰለችህ እንዴ እንዲህ የምትደበድባት?" አለው ጋሽ ወስፌ።

"ከብትማ ብትሆን ታርዳ ትበላ ነበር። ይቺ ታርዳ የምትመዘን ናት።"

"ውጣልኝ ከግቢዬ!"

"እወጣለሁ ጋሼ፤ ስልኬን ግን አይጣሉት" ብሎ ሄደ።

ጋሽ ወስፌ የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሚነዳት ሰው እንዲወስዳት። "በማንም እጅ ትሁን፣ ብቻ መንገድ ላይ ትሁን። ተቆራርጣ ካየኋት እኔም አልቆም" አላት ሚስቱን። ሚስቱ ካርቶን ላይ "ትሸጣለች" ብላ ጽፋ፣ ስልካቸውን ጨምራ፣ መስታወቱ ላይ ለጠፈችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው እየመጣ ጎማ ረግጦ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት ስልኩ ጮኸ። ሴት ናት። ጸጉር ሠሪ መሆኗን፣ ሩቅ መሄድ የማይችሉ በሽተኞችንና ሙሽሮችን ደጃቸው ድረስ እየሄደች እንደምትሠራ ነገረችው። "ያችን መኪና በልጅነቴ አውቃታለሁ። በበሩ ሳልፍ አይቼ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እንዳለች ነው የምፈልጋት፤ ምንም እንዳይነኩብኝ። እሑድ መጥቼ እወስዳታለሁ" አለች።

የጋሽ ወስፌ ፊት ከታመመ ወዲህ ያን ቀን በራ። "ሰማሽ? የምትነዳት ተገኘች!"

"እንዳለች ነው የምፈልጋት ብላለች እኮ" አለች ሚስቱ።

"ሰው ለጨዋነት የማይለው የለም።"

ረቡዕ ጠዋት ሚስቱ የወለደች ልጃቸውን ልታርስ ሄደች። በር ላይ ቆማ፣ "አደራ፣ ብቻዬን ነኝ ብለህ ራስህን አታድክም" አለችው። "ምን ሥራ አለኝና!" አላት።

እውነትም ያን ጊዜ ምንም አላሰበም ነበር። ድንቡሼን ሊሰናበታት ገብቶ ሣጥኑ ላይ ጋደም አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በገዛ ዓይኑ ሲያየው የኖረውን ያን ዕለት በገዥ ዓይን አየው። ነጩ ሳቲን ወይቧል። ልጁ ስትዘል አናቷ ይነካው የነበረው ቦታ ጠቁሯል። አንዱን ጥግ አይጥ ቀምሶታል። የተከበረች ሴት ንጹሕ ደንበኞቿን ይዛ እዚህ ሥር ልትቀመጥ ነው!

በእሱ ሙያ አንድ ሕግ ነበረው። አሮጌ ጨርቅ ላይ አዲስ ደርቦ የሚያለብሰውን ሠራተኛ "ቆሻሻን ካፖርት አለበሰው" ብሎ ይሰድበዋል፤ እሱ ራሱ የሌላ ሰው ላብ የነካውን ቁራጭ በባለቤቱ ወንበር ላይ ትቶ ያስረከበበት ቀን የለም። ታዲያ የገዛ መኪናውን እንዴት እንደዚህ አድርጎ ያስረክባል?

ምላጩን አነሣ። አንድም ቁራጭ ሳይቀድ ስፌቱን ክር በክር ፈታው። አልጋው ሥር ተጠቅልሎ የቆየ ግራጫ ፕላስቲክ ነበረው፤ ለአንድ ትልቅ ሰው መኪና ተብሎ ተገዝቶ ሳይሠራበት የቀረ። ጣሪያውን በማስቲሽ ቀባና ጨርቁን በአናቱ ደግፎ፣ በደህና እጁ እየዳበሰ ለጠፈው፤ ጥርሱንም ጉልበቱንም እንደ እጅ ተጠቀመ። የማስቲሹ ሽታ ራሱን ሲያዞረው ወጥቶ ይተነፍስና ይመለሳል። የሚስቱንም ወንበር ፈትቶ ከፍ ያለውን ጎን አስተካከለው፤ ጎባጣ ወንበር ማን ይገዛል? ሦስት ቀን ሙሉ ምሳ መብላቱን ረሳ። እያፏጨ ነበር። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎት አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት የቆሻሻ መኪናው ሲመጣ ሁለቱን ጆንያ ቁርጥራጭ ጎትቶ አስጫነ።

ሚስቱ ከሰዓት በኋላ ገባች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ የድንቡሼን በር ከፍታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ዳሌዋ ወዲያው ነገራት። ቀና ብላ አየች።

"እንዴት ነው?" አላት ከውጭ ሆኖ፣ ሙገሳውን እየጠበቀ።

"ጨርቆቹ የት አሉ?"

"የቆሻሻ መኪናው ወሰዳቸው።"

አፏን ከፍታ ልትናገር ነበር። አውራ ጣቱ በሁለት ቦታ ተሰንጥቆ ደም ደርቆበት አየች፤ አንጀቷን በላው። "ደክመሃል፤ ና ግባ" ብቻ አለችው።

እሑድ ጸጉር ሠሪዋ መጣች። የሥራ መስታወቷ የት እንደሚቆም ልትለካ ሜትር ይዛለች። ሰላምታውን ሳትጨርስ በጎን በኩል ዘላ ገባችና ቀና አለች። ሜትሩ እጇ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ።

"አባባ... ጣሪያው?"

"ቀየርኩልሽ ልጄ! እስቲ እጅሽን አሳልፊበት። አንዲት እጥፋት ካገኘሽ መኪናዋን በነጻ ውሰጃት!"

እጇን አሳለፈችበት። ቀስ ብላ፣ ከዳር እስከ ዳር። "ቀዩስ?" አለች። "የሲኒማ ቤቱ ከፋይ እዚህ ጋ አልነበረም? አባቴ በሩ ላይ ትኬት ይቆርጥ ነበር። እርስዎ ወንበሮቹን ሲያለብሱ ከትምህርት ቤት መጥቼ እዚህ ሣጥን ላይ እተኛ ነበር። ያንን ቁራጭ በመቀስ የቆረጠው አባቴ ነው፤ 'ለመታሰቢያ ይሁን' ብሎ ሰጥቶዎት እያየሁ ሰፉት።"

"አባትሽ ረጅም ነው? ፊልሙ ሊጀምር ሲል የሚያፏጭ?"

"አዎ፣ እሱ። ሲኒማ ቤቱም ፈረሰ፣ እሱም ሞተ። ደንበኞቼን ከዚያ ቀይ ሥር አስቀምጣለሁ ብዬ ነበር።"

ጋሽ ወስፌ የበሩን ጠርዝ ያዘ። "እሠራልሻለሁ" አለ ቶሎ ብሎ። "ቀይ ከፋይ ገዝቼ..." ሌላ ከፋይ ያ ከፋይ እንደማይሆን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

"ግድ የለም አባባ። በጣም ያምራል፤ በጣም ንጹሕ ነው" አለችው። ወርዳ እንደ ሌላው ሁሉ ጎማውን ነካ ነካ አደረገች። ስለ ሞተሩ ጠየቀች፣ መልሱን ግን አላደመጠችም። "እደውላለሁ" አለች።

ሚስቱ እስከ በር ሸኘቻትና ክንዷን ይዛ፣ "እውነቱን ንገሪኝ ልጄ" አለቻት።

"እማማ፣ ነዳጅ የማትበላ፣ አዲስ ቫን አግኝቻለሁ። እዚህ የመጣሁት መኪና ፍለጋ አልነበረም።" ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "ለእሳቸው አይንገሯቸው።"

ሰኞ ሚስቱ ገበያ ነኝ ብላ ቆሻሻው የሚደፋበት ድረስ ሄደች። ጠባቂው "የቅዳሜው ሁሉ ተቃጥሏል እማማ፤ ምን ጠፋብዎት?" አላት። "አሮጌ ጨርቅ" ብላ ተመለሰች።

ጋሽ ወስፌ ስልኩን ደረት ኪሱ ከትቶ ሦስት ቀን ጠበቀ። ማክሰኞ፣ "እስቲ ከጎረቤት ሆነሽ ደውይልኝ፣ ተበላሽቶ ይሆናል" አላት። ደወለች። ስልኩ ደህና አድርጎ ጮኸ። ረቡዕ ጠዋት የአከራይዋ ድንጋይ በር ላይ ተራገፈ፤ ከሰዓት በኋላ ራሱ ብረት ገዥው ጋ ደወለ።

ብረት ገዥው ከነክሬኑ መጣ። ውስጧን ሲያይ፣ "እንዴ! ሙሽራ አድርገዋታል እኮ ጋሼ። ለማን ብለው ነው?" አለና ቢላውን አወጣ። "ፕላስቲኩ ለብቻው ይሸጣል፤ ልግፈፈው።"

"በቢላ አይሆንም" አለ ጋሽ ወስፌ። "እኔ አወልቀዋለሁ።"

ምላጩን ይዞ ገባ። ሚስቱ ሳይጠራት ተከትላው ገብታ በግራ በኩል ቆመች። እሱ ጠርዙን ሲያላቅቅ እሷ ወጥራ ትይዝለታለች፤ አንድ ሰው ሁለት እጅ ኖሮት እንደሚሠራው። ብረት ገዥው ቀልዱን ትቶ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለና ጠበቃቸው። ግራጫው ተነሥቶ ሲያልቅ ከሥሩ ባዶ ቆርቆሮ ብቻ ነበር።

ክሬኑ ድንቡሼን በሆዷ ታቅፎ አነሣት። ጎማዎቿ አየር ላይ ቀስ ብለው ዞሩ። ጋሽ ወስፌ ካየሁ አልቆም ያለውን ቆሞ አየው፤ ክሬኑ መንገዱን ታጥፎ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አልተነቃነቀም።

"ያች ልጅ አልተቆጣችኝም እኮ" አለ በመጨረሻ።

"አልተቆጣችህም።"

"ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ለምን ይሆን የቀረችው? በጣሪያው ነው አይደል?"

ሚስቱ በር ላይ የሰማችው እስከ ምላሷ ጫፍ መጣ። መልሳ ዋጠችው።

"ምን ጣሪያ ጣሪያ ትላለህ! አሮጌ መኪና ናት፤ ነዳጅ ትበላለች፣ ዳገት አትወጣም። ማን ይገዛታል?" አለችው። በኖሩበት ዘመን ሁሉ ስለ ድንቡሼ ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ጋሽ ወስፌ ዞር ብሎ አያት። እንዳላመናት ገብቷታል።

"እሱስ ልክ ነሽ" አለ። "አሮጌ ነበረች።"