የቦራ ጉንጭ

ልጅ እያለሁ ፈረስ አወፍራለሁ ብዬ የሠራሁትን ሥራ ለማንም ሳልተነፍስ እዚህ ዕድሜ ደርሻለሁ። ዛሬ የሚያስለፈልፈኝ ጁባ፣ ንያኩሮን ሰፈር፣ በልጄ በትርሲት ምግብ ቤት ግቢ የሚኖር አንድ ቡችላ ነው። ቡችላው የገንዘብ ተቀባይዋ የንያቦል ነው። ንያቦል አገሯ እዚሁ ቢሆንም በስደት ያደገችው ጋምቤላና አዲስ አበባ ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ይህን ቡችላ የግቢው ሴቶች ሁሉ ተባብረው በሥጋ ብቻ ያሳድጉታል። አጥንት ያንቀዋል ብለው እየለቀሙ፣ ጅማት ይከብደዋል ብለው እየመለመሉ፣ ቀይ ቀዩን። ገና ከመጎርመሱ የፊት እግሮቹ እንደ ቅንፍ ጎበጡ። ሲሄድ ያነክሳል፣ ሲያቅፉት ይጮኻል። "ኧረ እባካችሁ አጥንቱ እየሳሳ ነው!" እያልኩ ስንት ቀን ጮህኩ። ንያቦል "አባባ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ሲያድግ ይቃናል" ትለኛለች። እዚህ አገር መጥቼ ከተማርኳቸው ቃላት እንደዚህ የሚያበግነኝ የለም። ችግር የለም ይሉሃል፣ ችግሩ ፊትህ እያነከሰ ሲያልፍ።

ከወንበር ስነሳ ጉልበቴ የሚያሰማውን ድምፅ የሰማ ሰው "እርስዎ ደግሞ ስለ አጥንት ምን ያውቃሉ?" ቢለኝ አልፈርድበትም። ግን አውቃለሁ። ያወቅኩትም አጥፍቼ ነው።

አባቴ ናዝሬት ውስጥ ባለ ጋሪ ነበር። የቤታችን እንጀራ በአንድ ፈረስ ጫንቃ ላይ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ እንለው ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ ቀጥታ ወደ ቦራ ነው። የላቡ፣ የልጓሙ ቆዳና በጆንያ የሚመጣው ፉርሽካ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ፉርሽካ በውሃ ሲለወስ ትኩስ ዳቦ ዳቦ ይላል፤ አልዋሽም፣ እኔም እቅመው ነበር። የኔ ሥራ ሣር አጭዶ ማምጣት ነው። ሣሩ ያለው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ የጨርቅ ኳሱ ያለው ደጃችን ላይ። ምኑ ይመረጣል! ሣሩን እርግፍ አድርጌ ተውኩና ቦራን ጠዋትም ማታም ፉርሽካ በፉርሽካ አደረግኩት። እየበላ ሲያላምጥ ደስ ስለሚለው፣ ስንፍናዬን ፍቅር ብዬ ስም አወጣሁለት።

ጥቂት ወራት እንደቆየ የቦራ ፊት ከዓይኖቹ በታች ግራና ቀኝ ድቡልቡል እያለ መጣ። እኔማ ኮራሁ! "ጉንጩ ሞላ፣ ያወፈርኩት እኔ ነኝ" እያልኩ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አስጎበኘሁ። ጋሪ ነጂዎቹ "አንተ፣ ፈረስህን ጆሮ ደግፍ ይዞታል፣ ሻርፕ እሰርለት!" ብለው ሲስቁብኝ ቀንተው ነው አልኩ። ከዚያ ቦራ ማነከስ ጀመረ፤ አንድ ቀን በፊት እግሩ፣ ሌላ ቀን በኋላው። አባቴ ኮቴውን አገላብጦ ሚስማር ቢፈልግ አላገኘም።

አቶ ዘለቀ የሚባሉ የከብት ሐኪም ረዳት ነበሩ፤ ከተማው በሙሉ ዶክተር ይላቸዋል። የቦራን ጉንጭ በጣታቸው በር እንደሚያንኳኳ ሰው ኳ ኳ አደረጉና "ይሄ ሥጋ አይደለም፣ የታመመ አጥንት ነው። ምንድነው የሚበላው?" አሉ። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። "ፉርሽካ!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። እሳቸው እንዳስረዱን፣ ፉርሽካ ብቻ የሚበላ ፈረስ አጥንት የሚያጠነክረው ማዕድን ያንሰዋል፤ ያን ጊዜ ሰውነቱ ከገዛ አጥንቱ እየሸረሸረ ይወስዳል። አጥንቱ እንደ ስፖንጅ ይሆናል፣ ፊቱም ያብጣል። "ፉርሽካው ይቁም። ሣር ይብላ፣ የተፈጨ አጥንት ስጡት፣ ስድስት ወር ጋሪ እንዳይጎትት። እንደዚያ ከሆነ ይድናል" አሉ።

አባቴ ቦራን ከጋሪው ፈታና ራሱ አውቶቡስ ተራ ተሸካሚ ሆነ። እኔም ማጭዴን ይዤ ሣር ፍለጋ ወረድኩ። ቦራ ግን ሣሩን በአፍንጫው ገፋ ያደርግና ያየኛል። አይ ያ አስተያየት! ጥቂት ቀን ቻልኩ። ከዚያ ዶሮ ከምታረባ ጎረቤታችን ፉርሽካ ለምኜ አንድ እፍኝ ሰጠሁት። በማግስቱ ሁለት። ብዙም ሳይቆይ በየቀኑ ቆርቆሮ ሙሉ ሆነ፤ የተፈጨውን አጥንት ደግሞ ስለማይወደው አጥር ሥር እደፋለታለሁ። አዝኜለት እኮ ነው!

ስድስት ወሩ ሲሞላ አባቴ የታዘዘውን በሙሉ ፈጽሞ ቦራን ባዶ ጋሪ ላይ ጠመደው። ከቤታችን ሳይርቅ፣ ድንጋይ በሌለበት፣ ጉድጓድ በሌለበት ለጥ ያለ መንገድ ላይ የፊት እግሩ ቀጭ አለ። ሰምቼዋለሁ። አቶ ዘለቀ መጥተው አዩት፣ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ በመርፌ አሳረፉት። አባቴ መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ "ቸኩዬ ነው። ትንሽ ባቆየው ኖሮ" አለ። ከዚያ በኋላ ፈረስ በተነሳ ቁጥር፣ እስኪሞት ድረስ፣ "እኔ ቸኩዬ" እንዳለ ነው። እኔ አጠገቡ ዝም። ጢም አብቅዬም አጠገቡ ዝም፣ ልጅ ወልጄም ዝም።

እና ባለፈው ሳምንት ነዝንዤ ነዝንዤ ንያቦልን ከነቡችላዋ ቦዳቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ አፈናጥጬ፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ አካባቢ ለሚገኝ የእንስሳት ሐኪም አሳየነው። "ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ሊቃና ይችላል፣ ግን ሥጋ ብቻውን ይቅር" አለና የአጥንት ዱቄት አዘዘለት። ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ንያቦልን ባንኮኒው ሥር ቀይ ሥጋ ስታጎርሰው እጅ ከፍንጅ ያዝኳት።

"አንቺ!"

"ያየኛል እኮ አባባ! ምን ላድርግ?"

ቁጭ አልኩና ቆርቆሮውንም፣ ዶሮ አርቢዋንም፣ አጥር ሥር የደፋሁትንም ነገርኳት።

"አባትዎ ምን አሉ ታዲያ?"

"አልነገርኩትም።"

"እስኪሞቱ?"

"እስኪሞት።"

ዛሬ ጠዋት ሰላም እንኳን ሳትለኝ "አባባ፣ ትናንት ከመሄዴ በፊት አንድ ቁራጭ ሰጥቼዋለሁ። አላስቻለኝም" አለች። ቤቱ እስኪናወጥ ጮህኩባት። አልሸሸችም፤ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። የኛ ጊዜ ልጅ ዱላ ፈርቶ ነው የሚደብቀው እንላለን። አባቴ እኮ አንድ ቀን መትቶኝ አያውቅም። ይቺ የዛሬ ልጅ ባደረገች በማግስቱ የምትናገረውን፣ እኔ ሰውየውን እስክቀብር አልተናገርኩትም።

ስጨርስ ሩዝና የአጥንት ዱቄት የተደባለቀበትን ሳህን አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው። "እኔ አልታመንም። ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ያብሉት" ብላ ሄደች። እኔን! ሰው ጠፍቶ! ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ቡችላው በአፍንጫው ገፋ አደረገውና ቀና ብሎ አየኝ። ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ፤ ሲልስ እስክሰማ ድረስም አልዞርኩም።