የማያልቅ ጾም

በ1987 ክረምት፣ ጉርድ ሾላ ነበርን። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ለልጆቼ ጎመን ስቀቅል ሽታው የያኔውን አንድ ምሳ አስታወሰኝ።

እናቴ ጎመን በክክ ሠርታ ለስምንታችን በአንድ ትሪ አቀረበችና ተነሳች። “ያለፈኝን የረመዳን ጾም እያካካስኩ ነው” አለች። ረመዳን ካለፈ ወራት ሆኖት ነበር።

“እማ፣ ያንቺ ጾም አያልቅም እንዴ?”

ታላቅ ወንድሜ “ጠያቂዋ! ዝም ብለሽ ብይ” ብሎ ሳቀ።

“አላህ ሲያሰፋልን ያልቃል” አለች እናቴ። “ አንቺ ጎመኑን አትተይ፣ ደም ይሆንሻል።”

ነገሩ አልገባኝም፤ መቀመጥም አልቻልኩም። ተከትያት ጓዳ ስገባ፣ የድስቱን ቂጥ በእንጀራ ቁራሽ እየጠረገች ስትጎርስ አየኋት። ሳታየኝ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ንፍሮው ሲቀርብ ተነሳሁ። “እኔም ያለፈኝን አካክሳለሁ” አልኩ። እናቴ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ፣ አጠገቤ ቁጭ አለች፣ “ቢስሚላህ” ብላም ከሁላችን ጋር በላች።