ሃምሳ አለቃ ንዚዮካ እምቢ አይልም

ወታደርን ንግድ ማስተማር ቀላል ነው የሚሉኝን ሰዎች አንድ ቀን እዚህ ናንዩኪ ከተማ አምጥቼ የንዚዮካ ምግብ ቤት ውስጥ ባስቀምጣቸው ደስ ይለኛል። የቁጠባ ማህበራችን ጡረታ የወጡ ወታደሮችን ንግድ እንዳለማምድ ሲቀጥረኝ ሊቀመንበሩ፣ «ካግዊሪያ፣ ዕድለኛ ነሽ። ዲሲፕሊን ያለው ሰው ግማሹን መንገድ ጨርሷል» አለኝ። የቀረውን ግማሽ ማን እንደሚሄድለት ግን አልነገረኝም።

ንዚዮካ ጦሩ ውስጥ ሃያ ዓመት ወጥ ቤት ነበር። ጡረታ ሲወጣ ከሚስቱ ከምቢቴ ጋር ገበያው ጀርባ ምግብ ቤት ከፈቱ። ምቢቴ ለዚህ ብላ ከእናቷ የወረሰችውን መሬት ሸጣለች። እውነቱን ለመናገር እኔ የማስተምረው ብዙ አልነበረም። ጎህ ሳይቀድ ምድጃው ይነዳል፤ ድንቹ እኩል እኩል ተቆርጦ ይጠብቃል። ዛሬ የበላኸው ባቄላ ነገም ያው ነው፤ አይቀጥንም፣ ጨው አይበዛበትም። ይህን ከእሱ ተምሬ ለሌሎቹ ሁሉ አስተምሬአለሁ። ሥጋ ሻጩም የባንኩ ሥራ አስኪያጅም ሳህናቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ጥሶ የገባ ካለ ንዚዮካ በጭልፋው ወደ ኋላ ያመለክተዋል።

«እዚህ ቤት ሰው ሁሉ እኩል ይርበዋል» ይላል። ይስቁና ይመለሳሉ።

ሰልፉ የማይመለከተው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሻለቃ ንጌቲች፣ የንዚዮካ የድሮ አዛዥ። እሱም ጡረታ ወጥቷል። ይህን ለንዚዮካ ስንት ጊዜ እንደነገርኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ሻለቃው በር ላይ ብቅ ሲል ንዚዮካ ጭልፋውን ጥሎ ቀጥ ይላል። ሻለቃው ከነጓደኞቹ ይበላና አፉን ጠራርጎ ሳይከፍል ይወጣል። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ እቃጠላለሁ።

አንድ ቀን ከበላ በኋላ ሳህኑን ገፋ አደረገና፣ «ሃምሳ አለቃ፣ ትምህርት ቤቶቹ ምግብ የሚያቀርብላቸው ይፈልጋሉ። እኛ እንገባበታለን። ቤቱን በኔ ስም እናዞረዋለን፤ አንተ ታበስላለህ፣ እኔ እመራለሁ። ቅዳሜ ትፈርማለህ» አለው።

«እሺ፣ አፋንዴ» አለ፣ ጦር ሰፈር አለቃ እንደሚጠራው።

የቻፓቲ ቂጣ ትዳምጥ የነበረችው ምቢቴ እጇ ቆመ። እኔ ደሜ ፈላ። ሻለቃው እንደወጣ ንዚዮካን ጎትቼ ጓዳ አስገባሁት።

«ምን ሆነህ ነው እሺ የምትለው?»

«አፋንዴ አዘዘኝ።»

«ካምፕ ውስጥ ነህ? ይሄ እኮ የሚስትህ መሬት የተሸጠበት ቤት ነው! የልጅህ የሙቱኩ እንጀራ ነው!»

«መምህርት፣ ቀስ በይ፣ ደንበኛ ይሰማል።»

«ይስማ! እምቢ ማለት አትችልም?»

አሰብ አደረገና፣ «ለጠላት እችላለሁ» አለኝ።

በማግስቱ ልምምድ ጀመርን። የድሮ የወታደር ኮፍያውን ከምስማር ላይ አንስቼ አጠለቅሁና እግሬን አነባብሬ ተቀመጥኩ። «ሃምሳ አለቃ! ቤቱን ስጠኝ!» አልኩት። ግንባሩ ላብ አወጣ። «እሺ» አለ።

«ለኔም? እኔ ካግዊሪያ ነኝ እኮ!»

«ኮፍያው ነው፣ መምህርት።»

ምቢቴ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ንዚዮካን ገና ጢም ሳያወጣ ለጦሩ ወሰዱት። እሺ ማለትን ሃያ ዓመት ሙሉ አስተማሩት። ሲያሰናብቱት የእጅ ሰዓት ሰጥተው፣ አጨብጭበው ሸኙት እንጂ ቁጭ አድርጎ «ከእንግዲህ የራስህ ሰው ነህ» ያለው አንድም አለቃ የለም። አሁን ደግሞ በየስብሰባው ዲሲፕሊን ካፒታል ነው ይሉኛል። ዲሲፕሊን ድስቱን በሰዓቱ ይጥዳል። ድስቱን ከነጭልፋው ይዞ የሚሄድ ሰው ሲመጣ ግን ተነስቶ ሰላምታ ይሰጠዋል። ይህን የሚጽፍ የንግድ መጽሐፍ አላየሁም።

ቅዳሜ ሻለቃው ወረቀቱን ይዞ መጣ። የምሳ ሰልፉ በር ድረስ ደርሷል። ጠረጴዛው ራስጌ ተቀመጠና ምቢቴን፣ «አንቺ ሻይ አምጪና ጓዳ ግቢ፣ ይሄ የወታደሮች ጉዳይ ነው» አላት።

ንዚዮካ ቀጥ ብሎ ቆመ። «አፋንዴ፣ መፈረም አልችልም።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

«ምን አልክ?»

«ሥልጣን የለኝም፣ አፋንዴ። ትናንት የንግድ ፈቃዱን በባለቤቴ ስም አዙሬዋለሁ። የዚህ ቤት አዛዥ እሷ ናት። እኔ ወጥ ቤት ነኝ። እሷን ይጠይቁ።»

ለካ ባልና ሚስቱ እኔን ሳይነግሩኝ ዐርብ ጠዋት ወጥተው ጨርሰውት ኖሯል። ምቢቴ የያዘችውን ቻፓቲ ምጣዱ ላይ ጣል አደረገችና እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«አልሰጥም» አለች። «ሻይ ከፈለጉ ሰልፉ በዚያ በኩል ነው።»

ሥጋ ሻጩ ሳቁ አመለጠው። ሻለቃው ፊቱ ደም መሰለ፤ ወረቀቱን ጨምድዶ ተነሳ። «የሴት ወታደር ሆነሃል!» አለው።

«አዎ፣ አፋንዴ» አለና ንዚዮካ ሮጦ በሩን ከፈተለት። በሩን! ድስቱን አንስቼ በሁለቱም ላይ ልወረውር ምንም አልቀረኝም። ቤቱ ተርፏል፣ አውቃለሁ። እኔ ግን «እምቢ» የምትለዋ ቃል ከራሱ አፍ እንድትወጣ ነበር የፈለግሁት።

ንዚዮካ ተመልሶ በርጩማ ላይ ዘፍ አለ። «መምህርት፣ ነገ መንገድ ላይ አግኝቶ ቢያዘኝስ?» አለኝ።

ምቢቴ የድንቹን ቅርጫት እግሩ ሥር አኖረችው። «ከዛሬ ጀምሮ የማዝህ እኔ ነኝ አይደል ያልከው? በል፣ ላጥ።»

«እሺ፣ የሙቱኩ እናት።» ቢላዋውን አነሳ።

«እሺ አትበለኝ! ፈልገህ ነው?»

ግራ ገብቶት አያት። እኔን አየ። ሰልፉን አየ።

«ደክሞኛል» አለ። ቀጥሎም፣ ድምፁ ሊሰማ እስኪያቅት ዝቅ ብሎ፣ «አሁን አልላጥም» አለ።

ምቢቴ ቢላዋውን ከእጁ ወስዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ያ ሰዓት አሳልፎ የማያውቅ ሰው እጁን አጣጥፎ ድንቹን ያያል።

«ታዲያ ምሳውስ?» ብሎ ጮኸ አንዱ ከሰልፉ።

«ጠብቅ!» አልኩት፤ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ።