አልመዘን ያለችው ድመት

ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ካስተማረች በኋላ ጉሮሮዋ እምቢ ሲላት ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። ፕሮግራም መጻፍ የጀመረችው በአርባ ስድስት ዓመቷ ነው። መሥሪያ ቤት ያሉት ሁሉ፣ አለቃዋም ጭምር፣ «ቲቸር» ነው የሚሏት።

ሥራዋ ከሦስት የእንስሳት ክሊኒኮች የሚላከውን መረጃ አንድ ላይ መሰብሰብ ነው። መረጃው የሚመጣው ጄሰን በሚባል አጻጻፍ ነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ክብደት ይልና ከየጎኑ መልሱ ይሰፍራል። የምትጽፍበት የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ ቆፍጣና ነው፤ የሚመጣለት ነገር ቁጥር ይሁን ጽሑፍ አስቀድሞ ካልተነገረው ንቅንቅ አይልም። እሷም ክብደት ቁጥር ነው አለችው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ሰኞ ጠዋት ፕሮግራሙ ሥራ መሀል ቀጥ አለ። ቁጥር ስጠብቅ ጽሑፍ መጣብኝ ይላል። ብታየው፣ በአንዲት ድመት ክብደት ቦታ «እምቢ ብላለች፣ ግን ወፍራም ናት» ተብሎ ተጽፏል።

አለቃዋ ከኋላዋ ቆሞ አነበበና ሳቁ አመለጠው።

«ቲቸር፣ የማይገጥመውን ይዝለሉትና እንለፍ።»

«ድመቷስ?» አለችው። ቦርሳዋን አንስታ መዝገቡን ወደ ላከው ክሊኒክ በአውቶቡስ ሄደች።

መዝጋቢዋ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተቀብለዋታል።

«እናቴ፣ ክብደት የሚለው ቦታ ላይ ምንድን ነው የሚጽፉት?»

«ያየሁትን ነዋ፣ የኔ ልጅ። ከተመዘነ ቁጥሩን። ድመት ስትቧጥጠኝ ታዲያ ምን ልበል፣ ዋሽቼ ልጻፍ?»

«እዚህ ጋ ደግሞ አምስት ቁጥር ተደርድሯል» አለች ቲቸር፣ መዝገቡን እያገላበጠች።

«ቡችሎች ናቸዋ። በአንድ ካርቶን መጡ፣ በአንድ ካርድ መዘገብኳቸው።»

ቲቸር አፏን ይዛ ሳቀች። ሴትዮዋ ምንም አላጠፉም።

ቢሮ ተመልሳ ክብደትን እንደ አዲስ አበጀችው፤ ቁጥር፣ ወይ ጽሑፍ፣ ወይ የቁጥሮች ዝርዝር መሆን የሚችል አደረገችው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የመጣውን አይቶ ይለያል፣ ከዚያ ወደየቦታው ይልካል። ቋንቋው ግን በቀላሉ አልለቀቃትም። ዝርዝር ሲመጣ ምን እንደሚደረግ መናገር ረስታ ስለነበር አላሳልፍም አላት። «እሺ ጌታዬ» ብላ ጨመረችለት። ከሦስቱ አንዱም ያልሆነ ነገር ከመጣ ደግሞ ለብቻው እንዲያስቀምጥላት አዘዘችው።

ከሰዓት በኋላ ከአራት መቶ አሥራ ሁለት መዝገብ አንድ ብቻ ቀረ፤ የአንዲት ኤሊ ክብደት፣ ባዶ። ስልክ ደወለች።

«እሷን እንኳ ረስቻት ነው» አሉ መዝጋቢዋ።

ረቡዕ ዕለት የክሊኒኩ ሐኪም ራሱ ደወለላት። አዲሱን ሰንጠረዥ ሲያይ፣ ከአምስቱ ቡችሎች የአንዱ ክብደት የሌሎቹን ግማሽ እንኳ አይሞላም። የቡችሎቹን ባለቤት ጠርቶ ሲጠይቅ፣ ወንድሞቹ እየገፉት አይጠባም ኖሯል። አሁን ለብቻው ጡጦ ተገዝቶለታል።

ቅዳሜ ይህን ለባሏ ስታወራለት እራቱን ትቶ ቀና አለ።

«ታዲያ ጨመረ?»

«መቶ ሃምሳ ግራም» አለችው፣ ጡጦውን ራሷ የያዘችለት ይመስል እየኮራች።