ያላስፈረምኋት ወረቀት

ትናንት ጧት ገና ቁርሴን ሳልቀምስ የኢንሹራንሱ ሰውዬ ደወለልኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ ታግሦኛል። አንዲት ወረቀት ብቻ እንደቀረች፣ እሷን ካላመጣሁ ፋይሌ እንደሚዘጋ ነገረኝ።

«ዝጋው» አልሁት።

አባትሽ ባይኖሩ እንኳ ከቤተሰብ አንድ ሰው ይፈርምልሽ፣ እኔ አስረዳልሻለሁ አለኝ። አመሰገንሁት። ግን ዝጋው አልሁት። ስልኩን ዘግቼ አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ ይህን መጻፍ ጀመርሁ።

ባሕር ዳር ውስጥ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ አለችኝ። መዝሙርም፣ ማስታወቂያም፣ ሰርግም እቀዳለሁ። ሥራዬ ቤት ውስጥ ብቻ ስላልሆነ ለዕቃዎቼ ኢንሹራንስ ስገባ ከስቱዲዮ ውጭ የሚደርስባቸውንም አስጨምሬ ነው። ጓደኞቼ ለማይክ ደግሞ ኢንሹራንስ ብለው ስቀውብኛል። ይሳቁ፤ እኔ እንደሁ ጠንቃቃ ነኝ። አንድ ነገር ስቀዳ በሁለት መሣሪያ ነው፤ የዚያኑ ዕለት ደግሞ ሌላ ቦታ እገለብጠዋለሁ።

አባቴ ቄስ ናቸው... ነበሩ። ደቅ ደሴት ላይ ዕድሜ ልካቸውን ዜማ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከመምህራቸው የወረሱት፣ ሌላ ደብር የማይሰማ የራሳቸው አካሄድ ነበራቸው። ልቅዳዎት ብዬ ስንት ዓመት ለመንኋቸው! እንቢ። ዜማ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ተርቦ፣ ተገሥጾ የሚማረው ነው እንጂ ከስልክ አይገኝም ይሉኛል። ዘንድሮ ግን ሳሉ ጠናባቸውና ራሳቸው አስጠሩኝ።

ዕቃዬን ተሸክሜ በጀልባ ሄድሁ። ሁለቱን መሣሪያ ደርድሬ ልጀምር ስል አንዱን አጥፊው አሉኝ።

«አንድ ይበቃል። ላንቺ ብዬ ነው። ነገ ባጃጅ ሁሉ ከዘፈን ጋር እየቀላቀለ ሲያስጮኸኝ አልወድም። እንዳታባዢው፤ ገዝቼሻለሁ።»

ቄስ ቤት ያደገ ሰው ግዝት ምን እንደሆነ ያውቃል። ክርክር የለውም። አንዱን አጠፋሁ። እያረፉ፣ ውሃ እየተጎነጩ፣ እየሳሉ ሁለት ቀን ዘለቁት። አንድ ቦታ ላይ ተሳሳትሁ ብለው እንደገና ከመጀመሪያው ተነሡ። እኔ ስሕተቱን አልሰማሁትም ነበር።

የጣና ነፋስ ከሰዓት በኋላ እንደሚነሣ የደሴት ልጅ ሆኜ ጠፍቶኝ አይደለም። ምሳ ሳትበዪ አትሄጂም አሉኝ፣ ቆየሁ። መሀል ላይ ስንደርስ ጀልባዋ ትናጥ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጠች እመጫት ከነልጇ ወደ ውሃው ስታዘም እሷን ያዝሁ። ቦርሳዬ ሄደ። መሣሪያው፣ ላፕቶፑ፣ ማይኮቹ... የአባቴ ድምፅ። ጀልባ ነጂው ቢዞር ቢዞር ምንም የለም። ሰው ሁሉ «እንኳን ነፍስ ተረፈ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ኢንሹራንሱ አላስቸገረኝም። ጀልባ ነጂውም መሰከረልኝ። የቀረችው ለሥራ ወጥቼ እንደነበር ያሠራኝ ሰው የሚፈርምባት ወረቀት ናት። ያሠሩኝ ደግሞ አባቴ ናቸው። እሳቸውን ማስፈረም ማለት ድምፅዎ ጣና ገባ ብሎ መንገር ነው። አንድ ወር ሙሉ ፈርቼ ተቀመጥሁ። በመጨረሻ ልቤን አጽንቼ፣ እግረ መንገዴንም እንደገና እቀዳቸዋለሁ ብዬ ከጓደኛዬ መሣሪያ ተውሼ ሄድሁ።

አልጋ ላይ ናቸው። ያ ቅኔ ማሕሌቱን የሚሞላ ድምፅ የለም። ጆሮዬን ወደ አፋቸው ካላስጠጋሁ የሚሉት አይሰማኝም። የተዋስሁትን መሣሪያ ከቦርሳው ላወጣው አፈርሁ።

ወረቀቷን እንኳ ልሰጣቸው እጄን ስሰድ እጄን ያዙኝ። ተማሪዎቻቸው ከመጠየቅ እንዳልቀሩ፣ አንዱማ የቀረውን ዜማ ልጨርስ ብሎ ከቆላ ድባ ድረስ መጥቶ አልጋቸው ሥር እንደሰነበተ በሹክሹክታ ነገሩኝ። ትንሽ አረፉና...

«ያን ጊዜ አንቺን መገዘቴ ትዕቢት ነው ልጄ። ፈትቼሻለሁ። አባዢላቸው። እንኳንም ቀዳሽው።»

ልንገራቸው? አፌን ከፍቼ ነበር እኮ። ግን ፊታቸውን አየሁት። ደስ ብሏቸዋል። ከታመሙ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አላየሁም።

«እሺ አባየ» አልሁ።

ወረቀቷን እንደያዝሁ ተመለስሁ። በዘጠነኛው ቀን አረፉ።

አርባቸውን ስናወጣ ተማሪዎቻቸው ፍላሽ ይዘው መጡ። ያን ቀን መዋሸት አልቻልሁም፤ ሁሉንም ነገርኋቸው። አንድም የተቆጣኝ የለም። የቆላ ድባው ልጅ ግን ፍላሹን በጣቱ ሲያገላብጥ ቆይቶ ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ...

«እትዬ፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላም እኮ አልጋቸው ሥር ነበርሁ። የቀረኝን በሹክሹክታም ቢሆን ይንገሩኝ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ እይዘዋለሁ ብዬ ለመንኋቸው። አትድከም፣ ልጄ ዘንድ ተቀምጦልሃል አሉኝ።»

ዘጠኝ ቀን። በዘጠኝ ቀን የሚችለውን ያህል ይይዝ ነበር። ልጁ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብሎኝ ባዶ ፍላሹን ይዞ ሄደ።

የኢንሹራንሱ ሰውዬ ይህን ሁሉ አያውቅም። ምናልባት ሞኝ ናት ብሎኝ ይሆናል። ይበለኝ፤ በዚያች ወረቀት የሚመጣ ገንዘብ እጄ አይገባም።

ከግዝቱስ አባቴ ፈትተውኝ ሄደዋል... ከዚያች «እሺ» ማን ይፍታኝ?