የማይምል ምስክር

እኔ ሳልምል አንድ ወሬ የማልጨርስ ልጅ ነበርኩ። «ማርያምን!» «እናቴ ትሙት!» «ሙት በይኝ!»፣ እነዚህ ሲሰለቹኝ ደግሞ ከሱቆቹ የለቀምኩት «ወላሂ» አለ። ነገሌ ቦረና ሁሉም እንዲህ ነው። ሻጩ ሳይምል አይሸጥም፣ ገዢው ሳይምል አይገዛም፤ ሁለቱም እንደሚዋሹ ሁለቱም ያውቃሉ፣ ተስማምተው ይለያያሉ። እንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ፣ ከአጥራችን ማዶ፣ በምንም በማንም የማይምል ሰው መጥቶ ጎረቤት ሆነን።

ፈረንጅ ነበር፣ ከነሚስቱ። በድርቁ ጊዜ የተበላሹ የውሃ ፓምፖችን ለመጠገን ከእርዳታ ሰዎች ጋር የመጣ። ጓደኞቹ ከከተማ ወጣ ብለው ግቢ ሲያሳጥሩ እሱ «ከሰው መሃል ነው የምኖረው» ብሎ ድርቅ አለ፤ ቀበሌው ከጎናችን የነበረችውን የጭቃ ቤት ሰጠው። ጺሙን ከአገጩ ያሳድግና ከላይኛው ከንፈሩ ሙልጭ አድርጎ ይላጨዋል። ሚስቱ ከስስ ነጭ ጨርቅ የተሰፋች ቆብ ከራሷ ላይ አትለያትም፤ ቀሚሷ ቁርጭምጭሚቷን ይመታል። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን «ጨዋ ሴት» ብለው ወደዷት። እናቴ ግን መጀመሪያ ያየቻት ቀን አማተበችና «መነኩሲት ከነባሏ! ይህንንም አሳየኸኝ?» አለች።

«ሜኖናይት ነን» ይላሉ። ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እናቴ ሻይ ቤት ነበራት፤ የሞያሌ መንገድ ሹፌሮች እዚያ ነው የሚያርፉት። አንድ ቀን አንዱ ሹፌር ስለ አገሩ ቢጠይቀው ጎረቤታችን ቀስ በሚል አማርኛው እንዲህ አለ፦

«እኛ ትንሽ ዘመናዊ ነን። አሚሽ የሚባሉ ዘመዶች አሉን። እነሱ ቤታቸው መብራት አያስገቡም። መኪና አይነዱም። በፈረስ ጋሪ ይሄዳሉ።»

«አሜሪካ ውስጥ?» አለ ሹፌሩ።

«አሜሪካ ውስጥ።»

«መብራት የለም፣ መኪና የለም፣ ጋሪ ብቻ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ጌታዬ፣ ምን አደከመዎት? እዚያው ነገሌ ነበሩ እኮ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም ይልቅ ረጅም የሳቀው እሱ ራሱ ነበር።

ጥሩ ጎረቤቶች ነበሩ። ለቅሶ ቤት ከዘመድ ቀድመው ይደርሳሉ፤ ምንም ሳይናገሩ መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ ሌላው ከተነሣ በኋላ ይነሣሉ። የማንም አጥር ቢወድቅ እሱ መዶሻውን ይዞ ይገኛል። ግን ቀላል ጎረቤቶች አልነበሩም። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሁላችንም ግራ እጃችንን አንስተን «ይውደም!» ስንል እሱ እጁን አጣጥፎ ይቆማል። ካድሬው ለምን እንደሆነ ቢጠይቀው «ማንም እንዲወድም አልፈልግም» አለ። ፈረንጅ ባይሆን ኖሮ የት ያድር እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። መሐላ ደግሞ በፍጹም። «እርግጠኛ ነህ? ሙት በለኝ» ሲባል «አዎ» ይላል፣ በቃ። ከተማው «አይምሌ» አለው፤ ስሙም እሱው ሆኖ ቀረ።

እኔ ያኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ወደዚያ ለመድረስ የከፈልኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። አባቴ ጦሩ ወደ ሰሜን ካዛወረው ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል፤ ቤቱ በሻይ ቤቱ ይኖራል፣ ሻይ ቤቱ በውሃ ይኖራል፣ ውሃው ያለው ከከተማው ጫፍ ነው። ውሃውን የምታመላልሰው አህያችን ነበረች። እናቴ በድርቁ ወቅት፣ ያላቸውን ሁሉ እየሸጡ ወደ ቦሬ ደጋ ሲሻገሩ ከነበሩ አርብቶ አደሮች ነው የገዛቻት፤ እግሯ ላይ እሾህ ተሰክቶ እያነከሰች መጣች፤ ጎረቤታችን ነቅሎላት ዳነች። ማለዳ ተነሥቼ ጀሪካኖቹን ጭኜ ሄጄ ተመልሼ፣ ከዚያ ዩኒፎርሜን ለብሼ እሮጣለሁ። አህያዋ ከሌለች የምሸከመው እኔ ነኝ፤ እኔ ከተሸከምኩ ደግሞ ማትሪክ የሚባል ነገር የለም። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሌላ መልክ አልነበረውም።

አንድ ቀን ከገበያው ራስ መጋዘን ያለው እህል ነጋዴ «በድርቁ የጠፋችብኝ አህያ እነሱ ቤት ናት» ብሎ ከሰሰን። የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ነገሩ እስኪለይ ብሎ አህያዋን ወስዶ ግቢው ውስጥ አሰራት። የሸጡልን ሰዎች ደጋ ገብተው ቀርተዋል፤ ማን ይጥራቸው? ግን እናቴ አንድ ነገር ትዝ አላት። ከወራት በፊት፣ የአህያዋ እግር እንደዳነ፣ ይኸው ነጋዴ ግቢያችን ድረስ መጥቶ «ሽጪልኝ» ብሏት ነበር። እሷም፣ እንደነገረችኝ፣ በጨዋ ደንብ «አልሸጥም ወንድሜ» ብላ ሸኘችው። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ጎረቤታችን ግን አጥሩን ሲያጠብቅ ነበርና ሁሉንም ሰምቷል።

«የራሱን አህያ ልግዛ ብሎ የሚመጣ አለ? አለቀለት!» አልኩ። ጨፈርኩ ማለት ይቻላል።

ሸንጎው ቅዳሜ ተቀመጠ። ነጋዴው መጽሐፍ ቅዱሱን በሁለት እጁ ይዞ «አህያዋ የእኔ ካልሆነች ልጆቼን አያሳድግልኝ!» አለ። ሰው «ኧረ!» አለ። ከዚያ ጎረቤታችን ተጠራ። አብዮት ነው ቢባልም ሸንጎው ያልማለ ምስክር አይሰማም ነበር፤ ሰብሳቢው መጽሐፉን አቀበለው።

«ይዘህ ማል።»

«አልምልም» አለ ጎረቤታችን። «ያየሁትን እናገራለሁ። መሐላ ግን አልችልም። ይህ መጽሐፍ ራሱ አትማሉ ይላል።»

«መጽሐፉን ያዝ ብንለው መጽሐፉን ጠቀሰብን!» አለ ሰብሳቢው ወደ ሰዉ ዞሮ። ሰው ሳቀ። ነጋዴው «የሚዋሽ ነዋ! መሐላ የሚፈራ ሌላ ማን ነው?» ብሎ ጮኸ። ሰብሳቢው ምስክርነቱን እንደማይቀበል ተናግሮ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጠረን።

እኔ ቤት አልገባሁም። በቀጥታ አጥሩ ላይ ተንጠለጠልኩ። እሱና ሚስቱ ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ቃል ነው እኮ!»

«አንድ ቃል ነው» አለ።

«ታዲያስ!»

«ዛሬ ብምል፣ ትናንት ሳልምል የነገርኩሽ ምን ሊሆን ነው? ውሸት ነበር?»

«ትናንት የነገሩኝ ስለ ፓምፕ ጎሚኒ ነው! እሱን ማን ጠየቀዎት? እርስዎ ቃልዎን ያድናሉ፣ እኔ ደብተሬን እጥላለሁ። ይሄ ነው ጽድቅ?»

አንድ ባቄላ ፈለፈለ። ከእነሱ ጋር መጣላት እንዲህ ነው፤ ቡጢው ጭድ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ቆይቶ «ውሃውን እኛ እንሸከምልሻለን» አለ።

«እኔ ምስክር ነው የፈለግኩት፣ ተሸካሚ አይደለም!» ብዬ ከአጥሩ ወረድኩ።

በማግስቱ ማለዳ በራችንን ስከፍት ሚስቱ ጀሪካን ይዛ ቆማለች። ፊቴን አዙሬ ጀሪካኔን አነሣሁ። ተከተለችኝ። ያን ሳምንት በየማለዳው እንዲሁ ነበር፤ እኔ ጀርባዬ እየተላጠ፣ እሷ ቆቧ እየተንጋደደ። ትምህርት ቤት የምደርሰው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነበርና ዘበኛው «ምነው፣ አገባሽ እንዴ?» ይለኝ ጀመር። እቤት ቁጭ ብዬ መጠበቅ ግን አልሆነልኝም። ሊምልልኝ ካልቻለ ሌላ መንገድ አለ፤ መኖር አለበት።

መንገዱን ያገኘሁት ፓምፑ ሰልፍ ላይ ነው። በኦሮምኛ «አካም? ናጋ?» ብለን ሰላምታ ተለዋውጠን ቆመን ሳለ የባለ ሉካንዳው ሚስት ከፊታችን ዞረችና ፈረንጂቱን አየቻት።

«የአይምሌ ሚስት! ባልሽ እኮ ባሌን ገደለው!»

«ምን አደረገ?» አልኳት እኔ።

«በገበያ ቀን፣ በሰው ፊት፣ ‹ይህ ሥጋ ትናንትም እዚህ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ› አለው! ገዢው ሁሉ ተበተነ!»

ፈረንጂቱ ቆቧን እያስተካከለች፣ በዚያች እጥር ባለች አማርኛዋ፣ «ሥጋው ትናንትም ነበረ?» አለች።

«ነበረ እንጂ! ታዲያ ይባላል እንዴ?»

ሰልፈኛው ሳቀ። አንዷ ከኋላ «የእኔንም ወንድም እንዲሁ አድርጎታል፣ ልብስ ሰፊውን!» አለች። ሌላም ቀጠለች። እኔ ጀሪካኔን መሬት አስቀመጥኩ። ይህ ሁሉ ሰው ተቆጥቶበታል፣ የተቆጣው ግን ዋሸኝ ብሎ አይደለም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ ከተማውን ዞርኩት። ባለ ሉካንዳው ጋ ገባሁ። «አይምሌ ያደረገዎትን ቅዳሜ ሸንጎ ፊት ይናገሩ» አልኩት።

«ልትከሺው ነው?»

«እርስዎ ብቻ ይምጡ።»

መጣ። ልብስ ሰፊውም መጣ። ሌሎችም ሊያዩ መጡ፤ ነገሌ እንደሆነ ወሬ አያመልጣትም። ሰብሳቢው ሸንጎውን እንደከፈተ እኔ ሳልጠራ ተነሣሁ። እናቴ ቀሚሴን ጎተተች፤ አልተቀመጥኩም።

«ይህ ሰው ካልማለ አይታመንም ብላችኋል» አልኩ። «እንግዲህ እዚህ ካለው ሰው አንድ ጊዜ የዋሸው ካለ ይነሣ። አንድ ሰው ከተነሣ አህያዋን ይዛችሁ ሂዱ።»

እናቴ «አበድሽ!» አለች። አላበድኩም። የተነሣው ባለ ሉካንዳው ነበር፤ ስለ ሥጋው እያማረረ ተናገረ። ሰብሳቢው «ታዲያ ዋሸ ወይስ አልዋሸም?» ሲለው ባለ ሉካንዳው ጉሮሮውን ጠራረገና «ዋሸ አላልኩም፤ አዋረደኝ ነው ያልኩት» አለ። ልብስ ሰፊውም ተነሣ፦ «ኮት ሰፍቼለት ‹አንዱ እጅጌ ከአንዱ ይረዝማል› አለኝ፣ ደንበኞቼ ፊት!» «ይረዝማል?» «ትንሽ።» ሰው እየሳቀ እርስ በርሱ መጠቋቆም ያዘ።

ከዚያ ያልጠበቅኩት ሆነ። ሰብሳቢው ራሱ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ።

«እኔንስ! የእህቴ ሰርግ ሆኖ ለመኪናው ናፍጣ ብለምነው፣ እንደ ሰው ‹የለኝም› አይልም? ‹አለኝ፤ ግን የፓምፑ ነው፤ አልሰጥህም› አለኝ! ዓይኔን እያየ!»

ከሸንጎው አባላት አንዱ፣ ቦረና የሆኑት ሽማግሌ፣ እስከዚያ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሱም ነበር። በትራቸውን ወደ ጎረቤታችን አዘነበሉና በኦሮምኛ «ኢንሶቡ» አሉ። አይዋሽም ማለታቸው ነው። ሰብሳቢው ሽማግሌውን አየ፣ ሰዉን አየ፣ መጽሐፉን ከጠረጴዛው አንስቶ ወደ ጎን አደረገው።

«ቁምና ተናገር። ሳትምል።»

ጎረቤታችን ቆመ። «ይህ ሰው ወደ እነሱ ግቢ መጣ። አህያዋን ዞሮ አየ። ጥርሷን አየ። ‹ሽጪልኝ› አለ።»

«የራሱን አህያ ነው ሽጪልኝ ያለው?» አለ ሰብሳቢው። ነጋዴው «ሐሰት!» ቢል የሚሰማው ጠፋ። ሰብሳቢው ግን አላበቃም። «እሷስ ምን መለሰች?»

እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ያኔ ነው «በጨዋ ደንብ» ሸኘሁት ያለችኝ ያስጠረጠረኝ።

ጎረቤታችን ቃል በቃል አስታወሰው። «‹ለአንተ ከምሸጥ ለጅብ ብሰጣት ይሻለኛል። ጅብ ቢያንስ በሚዛን አይሰርቅም› አለች።»

ሸንጎው ተናጋ። ነጋዴው ተነሥቶ «ስሜን አጠፋችኝ!» እያለ ጮኸ። እናቴ በጥርሷ መሃል «አሁን ይሄ ምን አስፈለገ?» አለች። ሰብሳቢው ዝም ካሰኘ በኋላ ፈረደ፦ አህያዋ የእኛ ናት፤ ግን ስድቡ በሸንጎ ፊት ተሰምቷልና እናቴ ይቅርታ ጠይቃ ገመዱን ትቀበል።

«አህያዋ ትቅርብኝ!» አለች እናቴ።

ክንዷን ያዝኩ። «እማዬ፣ የምትኮሪው አንቺ፣ የምሸከመው እኔ። አይሆንም። ተነሺ።»

እንደዚያ አናግሬያት አላውቅም። ጀርባዬን አየች፤ ሸሚዜ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነበር። ተነሣች።

«ወንድሜ፣ ስለ ጅቡ ይቅር በለኝ» አለች። «ስለ ሚዛኑ ግን አንተው አስብበት።»

ሰብሳቢው ሳቁን በመሐረቡ ሸፍኖ ገመዱን እንዲሰጡን በእጁ አመለከተ።

ወደ ቤት ስንመለስ አህያዋን የምስበው እኔ ነበርኩ። በሸንጎው ግቢ የሚገባትን አላበሏትም፤ ጎኗ ገብቷል። ጎረቤታችን ከጎኔ ይራመዳል።

«ጅቡን ለምን ጨመሩት?» አልኩት።

«ጠየቀኝ።»

«ሊያስወስዷት ነበር እኮ!»

«አዎ» አለ። «ፈርቼ ነበር።»

ገመዱን ሳብ አደረግኩ። ትንሽ እንደሄድን፣ ነገ እሑድ እንደሆነ፣ በእነሱ ደንብ ከጎረቤት ጋር ተቃቅሮ ጸሎት እንደማይቀመጥ ነገረኝ። አሁኑኑ ወደ ነጋዴው ቤት ሊሄድ ነው። «አብረን እንሂድ» አለኝ።

«እኔ አልሄድም።»

«ለምን?»

«አልታረቅኩም፣ ጋሼ። ትምህርቴን ሊወስድብኝ ነበር። ታርቄያለሁ ብልዎት ውሸት ነው።»

ቆም ብሎ አየኝ። የሚገስጸኝ መስሎኝ መልሴን አዘጋጀሁ። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀና «እሺ፤ ስትታረቂ ትሄጃለሽ» ብሎ ብቻውን ወደ ገበያው ራስ ታጠፈ። ረጅም ሰው ነው፤ ከሩቅ ይታያል። የነጋዴው በር ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ አየሁት። አልተከፈተለትም። ቆመ። እንደገና አንኳኳ።

እኔ አህያዋን ይዤ ቤት ገባሁ፤ ሳር ሰጠኋት፣ ጀሪካኖቹን አጥቤ ደረደርኩ። ሰኞ የፊዚክስ ፈተና ነበረብንና መጽሐፌን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።