አንድ አንገት

ሐጀራ ቅናቷን ደብቃ አታውቅም። በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፈትል ክፍል አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ሁሉ ያውቁታል፤ ማሽኑ እየጮኸ እንኳን ጆሯቸው ሥር ገብታ ታወራላቸው ነበር። «በድሪያ ስትመጣ አባቴ ከተቀመጡበት ይነሳሉ። እኔ ስመጣ ግን ‹በሩን ዝጊው፣ ብርድ አስገባሽብኝ› ነው!»

እውነቷን ነው። አባቷ ሙሀመድዘይን ከወሎ መጥተው አቃቂ በሰቃ ሰፈር የሰፈሩ የጨው ነጋዴ ናቸው፤ ሰማንያን የተጠጉ፣ ወገባቸው የጎበጠ። ያም ሆኖ በድሪያ ደጃፋቸውን ስትረግጥ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ይቀበሏታል። ለአረፋ በግ ሲታረድ ጉበቱ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሷ ነው። ሐጀራ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአባቷ ጋር እየኖረች፣ ሆድቃውን አጥባ፣ ሥጋውን ዘልዝላ፣ ጭስ ዓይኗን አጥፍቶት ውሎ የምታገኘው ምስጋና «ጨው አበዛሽ» የሚል ነው።

ምክንያቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሙሀመድዘይን በጉብዝናቸው፣ ሰው እንደ ከብት በሚሸጥበት ዘመን፣ ከወንድማቸው ጋር ተጣልተው ዳግመኛ ከቤቱ እህል ላይቀምሱ በአላህ ማሉ። ታረቁና ቀመሱ፤ መሐላው ፈረሰ። የአገሩ ሸህ «ማካካሻው አንድ አንገት ነው፤ አንድ ባሪያ ነፃ አውጣ» ቢሏቸው ከአባታቸው የወረሷትን ሕፃን በድሪያን መስጊድ ደጅ ወስደው በሰው ፊት ነፃ አወጧት። አሳደጓት፣ ዳሯት፤ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደዚህ ሲመጡም ከነባሏ አብራቸው መጣች። የቀበሌው ካድሬ በስብሰባ ላይ «የባሪያን ሰንሰለት የበጠሰው ሰፊው ሕዝብ ነው» ሲል ሽማግሌው እጃቸውን አውጥተው፣ «እኛ ቤት አላህ ነው የበጠሰው ልጄ፤ አብዮቱ ሳይወለድ» ብለውታል። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። በድሪያ ብቻ አልሳቀችም፤ ሐጀራም ኩራት ነው ብላ ያዘችባት።

«ባሪያ ነፃ ያወጣ ሰው፣ በእያንዳንዱ የባሪያው አካል ፋንታ አካሉ ከእሳት ይድናል» ይሉ ነበር አባቷ። «በድሪያ ከጀሀነም የምታወጣኝ ናት።»

ታዲያ እኔስ? ትላለች ሐጀራ በሆዷ። አንዲት ጣታቸውን እንኳን አላድንም?

በዚያ ክረምት ሽማግሌው አልጋ ያዙ። አንድ እሁድ ጧት ትንፋሻቸው ሲያጥር፣ «በድሪያን ጥሪልኝ፤ አውፍ ትበለኝ» አሉ። ሞት ሲቃረብ ይቅር መባባል ደንብ ነው፤ ሐጀራ ይህ ይጠፋት መሰላችሁ? ግን የሆዳቸው ፍሬ አጠገባቸው ተቀምጣ እያለች!

«ቀበሌ ስብሰባ ገብታለች አባ፤ ስትወጣ ትመጣለች።»

ውሸቷን ነው። የዚያን እሁድ ስብሰባ አልተጠራም፤ በድሪያ ከወንዙ ማዶ ቤቷ ተቀምጣለች። ሐጀራ ሾርባ ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ አረፍ አለች። ለአንዲት ቀን የእሷ ብቻ እንዲሆኑላት ነበር የፈለገችው። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከበሩ አልነቀሉም። «ከስብሰባው አልወጡም እንዴ?» ይላሉ፤ «ገና ነው» ትላለች። ማንኪያውን ይገፉታል። «ሳልጠይቃት ብሞትስ?» ብለው እንባቸው ጢማቸውን ሲያርሰው ግን አልቻለችም። ሻሿን አስራ እየሮጠች ወጣች።

በድሪያ መጣች። ሽማግሌው ሊነሱላት ሞክረው አቃታቸው።

«አውፍ በይኝ» አሏት።

በድሪያ ፊቷን ወደ በሩ መለሰች። ሐጀራን፣ እውነቱ ይነገር፣ ደስ አላት። ይኸው! የሚነሱላት ይህቺ ናት!

«ለራሴ አውፍ ብያለሁ» አለች በድሪያ። «አሳድገውኛል፣ ድረውኛል። በእናቴ ፋንታ ግን አውፍ ልልዎ አልችልም።»

«የምን እናት?» አለች ሐጀራ። በዚያ ቤት የበድሪያ እናት ተነስታ አታውቅም።

«እኔና እሷ ሁለት ነበርን። ሸሁ ‹ሁለቱንም ብታወጣ ምንዳህ እጥፍ ነው› ቢሏቸው ‹የማልኩት አንድ መሐላ ነው› አሉ። እኔ መስጊድ ደጅ ስመረቅ እናቴ ወፍጮ ላይ ነበረች። በዓመቱ ወደ ባሕር ለሚወርድ ነጋዴ ሸጧት።»

ሙሀመድዘይን ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ስሟም ጠፋኝ» አሉ። «በምን ስም ጠርቼ ልጠይቃት?»

ሐጀራ ቅናቷን ረስታ የበድሪያን ጉልበት ያዘች። «እትዬ፣ በአላህ፣ እንዲህ ሆነው አይሂዱ!»

በድሪያ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጎንበስ አለች። «ዳሲቱ ትባላለች። በወዲያኛው ዓለም ሲያገኟት በስሟ ጠርተው ራስዎ ይጠይቋት።»

ሽማግሌው «ዳሲቱ፣ ዳሲቱ» እያሉ ቆዩና በሸሃዳ አረፉ። በመጨረሻው ሰዓት የበድሪያንም የሐጀራንም ስም አልጠሩም።

ሰው ወደ ቀብር ሲወጣ ሁለቱ ሴቶች ግቢው ውስጥ ቀሩ። ሐጀራ መሬት መሬት እያየች፣ «ስብሰባ ገብታለች ብዬ ዋሽቻቸው ነበር። ቀንቼብሽ ነው» አለች።

«አውቃለሁ» አለች በድሪያ። «እኔም ስቀናብሽ ነው የኖርኩት። እናትሽ ‹አንቺ ሐጀራ!› ብላ ስትጮህብሽ ከበሩ ኋላ ቆሜ እሰማ ነበር። እኔን በዚያ ቤት ማንም እንደ ልጅ ጮሆብኝ አያውቅም።»